የመኪና ጎማ ዳዶ ምን ያህል ይጥበቅ?

ጎማ ሲቀየር ቆሞ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጎሚስታው መፍቻውን በዳዶው ላይ ሰክቶ በእጁ ከጠመዘዘ በኋላ፣ እጁ አልበቃ ሲለው በእግሩ ይወጣበታል፤ አንዳንዱም በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቆ ብረቱ እስኪጮኽ ድረስ ይጫነዋል። ባለመኪናውም ከጎኑ ቆሞ «አደራህን፣ በደንብ ጠበቅ አድርገው» ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ዳዶ በጠበቀ ቍጥር ጎማው የበለጠ ያስተማምናል የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሹ ግን ቡሎን የሚቈርጥ፣ ፍሬን የሚያበላሽ፣ አልፎ ተርፎም ጎማን ከነቸርኬው በመንገድ ላይ የሚያስጥል ስሕተት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ለመሆኑ የሚገባው ልክ ስንት ነው? ልኩን የሚወስነው ጎሚስታውም ባለመኪናውም ሳይሆን መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ነው። ቍጥሩም ከመኪናው ጋር በሚሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ዳሩ ግን በአገራችን ብዙው መኪና የሚገዛው ከሌላ ሰው እጅ ስለ ሆነ መጽሐፉ በመንገድ ይቀራል፤ አብሮ ቢመጣም በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል የቶዮታ ኮሮላ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። ቮልስዋገን ጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። የብረት ቸርኬ ያለው ላንድክሩዘር 70 ደግሞ 209 ሲሆን፣ በአሉሚኒየም ቸርኬ የሚሄደው ላንድክሩዘር 100 ግን 131 ብቻ ነው። እንግዲህ የአንድ ኩባንያ፣ የአንድ ስም መኪኖች እንኳ ይህን ያህል የሚለያዩ ከሆነ፣ ለሁሉም በአንድ ዐይነት ጕልበት ማሰር ትክክል ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

ኒውተን ሜትር የሚለው ቃል እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ትርጕሙ እንዲህ ነው። መፍቻ የሚጠመዝዘው በተጫነው ኀይል ብቻ ሳይሆን በእጀታውም ርዝመት ነው፤ ስለዚህ ጥምዘዛ፣ መካኒኮች ቶርክ የሚሉት፣ ኀይሉ በርዝመቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የ1 ኪሎ ግራም ክብደት ወደ 9.8 ኒውተን ስለሚሆን፣ 103 ኒውተን ሜትር ማለት 1 ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ተኩል ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ነው። በመኪናው ውስጥ የሚቀመጠው መፍቻ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለዚያው ጥምዘዛ 35 ኪሎ ያስፈልጋል። እንግዲያውስ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚሁ መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም፣ ሳይዘል እንዲሁ በመቆሙ ብቻ ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ ገደማ አጠበቀ ማለት ነው። 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ ቢቆም ደግሞ አምስት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ጎማውን በመኪናው ላይ የያዘው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው ቡሎኖቹ ናቸው፣ በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ጋቢ እንደሚሸከም ቡሎኖቹም መኪናውን ተሸክመውታል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቡሎኑ በደንብ በታሰረ ጊዜ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው በቸርኬው ፊትና በሞዞው ፊት መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ሞዞ የምንለውም ቸርኬው የሚለጠፍበትን የሚሽከረከር ብረት ነው። የቡሎኑ ሥራ እነዚህን ሁለት ብረቶች እንዳይንሸራተቱ አድርጎ እርስ በርሳቸው ማጣበቅ ብቻ ነው። ሁለት መጻሕፍትን በመዳፎቻችን መካከል ጨምቀን ብናነሣቸው የሚይዛቸው የእጃችን ጭመቃ እንደ ሆነ፣ ጭመቃው ሲላላም እንደሚወድቁ፣ የጎማም ነገር እንደዚሁ ነው።

ይህን ጭመቃ የሚሰጠው የቡሎኑ መለጠጥ ነው። ብረት ይለጠጣል ሲባል ለብዙ ሰው ያስቃል፤ ነገር ግን ቡሎን ማለት በጣም ጠንካራ የሆነ ሞላ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሞላ የሚሳብበት ኀይልና የሚለጠጥበት ርዝመት አብረው ይጨምራሉ። በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን ሞላ አንጠልጥለው፣ ክብደት እየጨመሩ በማስመሪያ ሲለኩ ሁላችንም አይተናል፤ ያ ሙከራ በየመኪናው ጎማ ላይ በየቀኑ እንደሚደገም ግን ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። መሐንዲሶች ለሥራ የሚጠቀሙበት ቀላል ደንብ አለ፤ ይኸውም ጥምዘዛው በቡሎኑ ውፍረትና በአንድ የሰበቃ ቍጥር ሲካፈል ቡሎኑ የተወጠረበት ኀይል ይገኛል የሚል ነው። ለደረቅና ንጹሕ ብረት ይህ ቍጥር ወደ 0.2 ይሆናል። ኮሮላ ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ 103 በ0.2 እና በ0.012 ሜትር ሲካፈል ወደ 43,000 ኒውተን ይመጣል፤ በምናውቀው ሚዛን 44 ኩንታል ያህል ነው። አንዱ ቡሎን 44 ኩንታል ጭነት እንደ ተንጠለጠለበት ሆኖ ተወጥሯል ማለት ነው። አምስቱ ቡሎኖች አንድ ላይ ቸርኬውን በ220 ኩንታል ያህል ይጨምቁታል። የሁለቱ ብረቶች የሰበቃ መጠን 0.15 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ቸርኬው እንዲንሸራተት ከ30 ኩንታል የሚበልጥ ኀይል መምጣት አለበት። በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው የመኪናው ክብደት ግን ተሳፋሪ ሞልቶም 4 ኩንታል ገደማ ነው። ጕድጓድ ሲገባና ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ በብዙ ቢጨምርም ልዩነቱ ሰፊ ስለ ሆነ ጎማው አይነቃነቅም። ፋብሪካው ያዘዘው ልክ በቂ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሚያስገርመው ግን ይህ ሁሉ ኀይል የተቀመጠበት የመለጠጥ ርዝመት ማነሱ ነው። በዳዶውና በቡሎኑ ራስ መካከል ያለው ርዝመት 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ44 ኩንታል የሚለጠጠው 7 መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ያህል ማለት ነው። የዚህ ቡሎን ጥርስ ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሚያስኬድ፣ ያን ያህል ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ዙር የሰዓት ትልቁ ዘንግ በ3 ደቂቃ ከሚጓዘው ብዙ አይበልጥም። ቸርኬውና ሞዞውም በትንሹ ስለሚጨመቁ ከዚህ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። በተረፈ በላላ ጎማና በተስተካከለ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ይህችው የመጨረሻዋ የእጅ እንቅስቃሴ ናት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በጣም አስፈላጊ ስለ ሆነ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብበት እፈልጋለሁ። ቡሎኑ የተለጠጠው 7 መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በቸርኬውና በሞዞው መካከል የተገኘ ማናቸውም ነገር 2 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ቢደቅቅ ወይም ቢሟሽሽ ከውጥረቱ ሲሶው ገደማ ጠፋ ማለት ነው። 7 መቶኛ ቢደቅቅ ሁሉም ጠፋ። በክረምት የደረቀ ጭቃ፣ የዛገ ብረት ልጣጭ፣ ቸርኬው እንዲያምር ተብሎ በብሩሽ የተቀባ ወፍራም ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ልክ በብዙ የሚበልጥ ውፍረት አላቸው። ዳዶው በሚታሰርበት ጊዜ ቀለሙ እንደ ብረት ጠንካራ መስሎ ይቈያል፤ የጎማ መፍቻውም ልዩነቱን አይናገርም። መኪናው ሄዶ፣ ፍሬኑ ሞቆ፣ መንገዱ ሲያናውጠው ግን ቀለሙ ይሟሽሻል፣ ጭቃው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ቡሎኑም ይላላል። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍለት ፍሬንን ምን ያህል እንደሚያግል ያውቃል። እንግዲህ ዳዶው የቱንም ያህል ተጠምዝዞ ቢታሰር ሥሩ ቈሻሻ ከሆነ አይረባም። ጎማ በሚቀየርበት ጊዜ የሞዞውንና የቸርኬውን ፊት በሽቦ ብሩሽ መጥረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ጎሚስታዎች ግን ይህን የሚያደርገው ጥቂቱ ነው።

የላላ ዳዶ ምን ያደርጋል? ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ዳዶን ከሁሉ የበለጠ የሚፈታው ወደ ጎን የሚደረግ መንሸራተት ነው። ሁለቱ ብረቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ በዳዶውና በጥርሱ መካከል ያለው ሰበቃ ለቅጽበት እንደ ጠፋ ይሆንና ዳዶው በራሱ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይዞራል። ውጥረቱ በቂ ከሆነ መንሸራተቱ አይጀመርም፤ ካልተጀመረ ደግሞ ዳዶው አይዞርም። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ግን እያንዳንዱ ዙር የሚቀጥለውን ያቀለዋል። ቀድሞ አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል በመኪናው ግራ በኩል ያሉትን ቡሎኖች ጥርስ ወደ ተቃራኒው አዙረው ይሠሩ ነበር፤ የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ በዚህ ልማድ ቈይቷል። አሮጌ መኪና የሚፈታ ሰው ይህን ሳያውቅ ሊፈታ ሲል አጥብቆ ቡሎኑን ሊቈርጠው ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ከመፈታቱም በፊት ሌላ ጕዳት አለ። የኮሮላ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 500 ጊዜ ይዞራል። ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ 50,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቡሎኑ የላላ ከሆነ በያንዳንዱ ዙር በትንሹ ይታጠፋል፤ ሽቦን በእጁ ወዲያና ወዲህ አጥፎ የቈረጠ ልጅ ውጤቱን ያውቀዋል። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሹፌሩ «ቡሎኑ በድንገት ተቈረጠ» ሲል እንሰማለን። የተቈረጠውን ፊት አንሥቶ ማየት ግን ሌላ ታሪክ ሊናገር ይችላል፤ በአንድ በኩል ለስላሳና ጠቈር ያለ፣ ውኃ በአሸዋ ላይ እንደሚተወው ዐይነት ተከታታይ መስመር ያለው ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ በፊት ቀስ በቀስ ሲሄድ የቈየ ነው፤ ሸካራና ብሩህ ሆኖ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተበጠሰው። እንዲህ ያለ ቡሎን ሲገኝ አጠገቡ ያሉትንም መለወጥ ይገባል፤ የእርሱን ድርሻ ሲሸከሙ የቈዩት እነርሱ ናቸውና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ላላው ነው። አሁን ደግሞ «ጠበቅ አድርገው» ለሚለው ወገን መልስ እንስጥ። ሞላን ከልክ በላይ የሳበው ሰው ሞላው ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ ያያል። ቡሎንም እንዲሁ ነው። በቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚሉ ቍጥሮች ይገኛሉ፤ እነዚህም የብረቱን ጥንካሬ ይገልጣሉ። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ቡሎን 10.9 ከሆነ ሳይበላሽ እንዲሸከም የተወሰነለት 74 ኩንታል ገደማ ነው፤ 8.8 ከሆነ ግን 52 ኩንታል ብቻ ነው። 44 ኩንታል ለሁለቱም ይበቃል። በእጥፍ ጥምዘዛ የታሰረው ግን በሒሳቡ 88 ኩንታል ስለሚሆን ከሁለቱም ልክ ያልፋል፤ ቡሎኑ እንደ ሞላ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ይህን ጊዜ ዳዶው መዞሩን ይቀጥላል፣ የሚያጠብቀው ሰው ግን ገና እየጠበቀ ያለ ይመስለዋል። በዚህ ሁኔታ ያለፈ ቡሎን ለዛሬው ባይቈረጥም ለሚቀጥለው ጊዜ የሚተማመኑበት አይደለም።

ሌላው ጕዳት በፍሬን ላይ ነው። በብዙ መኪና የፊት ፍሬን ዲስክ በሞዞውና በቸርኬው መካከል ተጨምቆ የሚቀመጥ ነው። አንዱ ዳዶ በ100፣ ሌላው በ300፣ ሦስተኛው በ200 ኒውተን ሜትር ቢታሰር፣ ዲስኩ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ይጣመማል፤ ፍሬን ሲያዝም መሪው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው ወደ ፍሬን ሠሪ ይሄዳል፣ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይቈረጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ተመልሶም በዚያው ጎሚስታ፣ በዚያው ቱቦ ይታሰራል።

በመንገድ ለተቸገረ ሰውም ማሰብ አለብን። በሌሊት በረሃ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር በእጁ ያለው ያ 30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ነው። ዳዶው በ400 ኒውተን ሜትር ታስሮ ከነበረ፣ ለመፍታት በመፍቻው ጫፍ ላይ ከአንድ ኩንታል በላይ መጫን ሊያስፈልገው ነው፤ ዝገት ከተጨመረበትም ከዚያ ይብሳል። ሕፃናት ይዛ የምትጓዝ እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ይህን ከየት ያመጣሉ? ፋብሪካው መፍቻውን አጭር ያደረገው በስስት አይደለም፤ በልኩ የታሰረ ዳዶ በዚያ መፍቻ ይፈታል ብሎ ነው።

ስለ ግራሶና ስለ ዘይት የሚነሣው ክርክር የተለየ ትኵረት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በሁለቱም ወገን አስተዋይ ሰዎች አሉ። አንዱ «ቡሎኑን ግራሶ ቀባው፣ እንዳይዝግና ኋላ በቀላሉ እንዲፈታ» ይላል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ግን ከዚህ ይነሣል፤ በመፍቻው ላይ ከምናጠፋው ጕልበት ከ100 እጅ 50 ያህሉ በዳዶው ግርጌ ባለው ሰበቃ፣ 40 ያህሉ በጥርሱ ሰበቃ ያልቃል፤ ቡሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 እጅ ብቻ ነው። ሰበቃው ከ90 ወደ 80 ዝቅ ቢል የሚተርፈው ከ10 ወደ 20 ያድጋል ማለት ነው። ጥቂት ቅባት ውጥረቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል ሲባል ይህ ነው ነገሩ። በምሳሌያችን የሰበቃው ቍጥር በግራሶ ምክንያት ከ0.2 ወደ 0.12 ቢወርድ፣ በዚያው በ103 ኒውተን ሜትር ቡሎኑ 73 ኩንታል ይወጠራል። 10.9 ከሆነ በአፋፍ ላይ ቆሟል፤ 8.8 ከሆነ ዐልፏል። የዛገ ጥርስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መፍቻው ከበደ፣ ሰውየው ጠበቀ አለ፣ ቡሎኑ ግን ገና አልተወጠረም። ስለዚህ የፋብሪካው ቍጥር ለደረቅና ንጹሕ ጥርስ የተሰጠ ከሆነ በደረቅና በንጹሕ ጥርስ ላይ ብቻ ይሠራል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዳዶው በእጅ ጣት ብቻ እየዞረ እስከ መጨረሻው መሄዱን መመልከት፣ በጣት አልሄድ ያለውንም በመፍቻ ከማስገደድ ይልቅ መለወጥ፣ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዝገትን ለመከላከል በሞዞው መሐል ባለው ክብ፣ ቸርኬው በሚሰካበት ከንፈር ላይ፣ በጣም ጥቂት ግራሶ መቀባት ጕዳት የለውም፤ የሚጨመቁትን ፊቶችና የቡሎኑን ጥርስ እስካልነካ ድረስ።

በዚህ ነገር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጋር ተነጋግሬ ነበር። «ጋሼ፣ ልኩን በምን ያውቁታል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እጄ ያውቀዋል፤ ከአባትህ መኪና ጀምሮ ስንቱን አስሬያለሁ» አሉኝ። እጃቸው ብዙ እንደሚያውቅ አልክድም፤ ጎማውን በመዳፋቸው መታ አድርገው የነፋሱን ጕድለት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው እጅ የሚሰማው ጥምዘዛውን እንጂ ውጥረቱን አይደለም፤ ከጥምዘዛውም 90 እጁ ሰበቃ ነው። ከዚህም በላይ እጅ በጧትና በማታ፣ ጠግቦና ተርቦ፣ በ20 ሳንቲ ሜትርና በ50 ሳንቲ ሜትር መፍቻ እኩል አይፈርድም። በአየር የሚሠራው ጠመንጃ መሳዩ መፍቻም ከእጅ የተሻለ ዳኛ አይደለም፤ ፈጣን መሆኑ ብቻ ነው። ለመፍታትና ዳዶውን ለማስጠጋት ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ጥበቃ ለእርሱ መተው ግን አይገባም።

ትክክለኛው መሣሪያ ቶርክ መለኪያ መፍቻ ነው፤ የተወሰነው ልክ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ያስታውቃል። ዋጋው ለአንድ ተማሪ ወይም ለአንድ የታክሲ ሹፌር ቀላል ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ኀይል በርዝመት ስለ ሆነ፣ በየእህል በረንዳው የሚገኘው ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሚዛኑን በመፍቻው እጀታ ላይ አስሮ፣ ከዳዶው መሐል እስከ ታሰረበት ነጥብ ያለውን ርዝመት በሜትር መለካት ነው። ለኮሮላ 10.5ን በዚህ ርዝመት ማካፈል ሊነበብ የሚገባውን ኪሎ ይሰጣል፤ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 21 ኪሎ፣ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 30 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ሆኖ፣ መፍቻው እየተንቀሳቀሰ ሳለ በዝግታ መሳብ አለበት፤ በድንገት ከተሳበ የሚነበበው ቍጥር ያታልላል። መፍቻው አግድም ሆኖ ወደ ታች የሚሳብ ከሆነ የመፍቻው የራሱ ክብደት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ በሌላ ሥራ የሚያሳስብ ቢሆንም በዚህ ግን ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ቅደም ተከተሉም ከልኩ ያላነሰ ነው። ጎማው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶዎቹ በእጅ ከገቡ በኋላ በመፍቻ በለስላሳው ይጠጋሉ፤ ምክንያቱም ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ክብደቱ ቸርኬውን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ከመሐል ያስወጣዋል። ከዚያ ክሪኩ ወርዶ ጎማው እንዳይዞር መሬት ሲይዝ የመጨረሻው ጥበቃ ይደረጋል። አምስት ዳዶ ያለው በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን እየዘለሉ፣ አራት ያለው በመስቀል ይታሰራል፤ በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ልክ ሳይሆን መጀመሪያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሙሉ። ዙሪያውን በተራ ያሰረ ሰው ቸርኬውን በአንድ ወገን ጨምቆ በሌላው ወገን ክፍት ይተወዋል፤ ኋላ ሲያጠብቀው ቢገጥምም የመጀመሪያው ዳዶ ላልቶ ይገኛል። በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ጊዜ መልሶ መሞከር ያስፈልጋል።

ቸርኬና ዳዶ የግድ መተዋወቅ አለባቸው። አንዳንዱ ዳዶ ግርጌው እንደ ቀፎ ሹል ነው፤ በሆንዳና በቮልስዋገን እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ቶዮታ በፋብሪካው የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ላይ በአብዛኛው ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ይጠቀማል። ቸርኬው ለጌጥ ሲለወጥ የቀድሞው ዳዶ ተመልሶ ከታሰረ፣ የሚነካካው በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይሆንና በልኩም ቢታሰር ያ ጠርዝ ደቅቆ ይላላል። ዳዶው ስንት ዙር እንደሚይዝም መቍጠር ይገባል፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ የያዘው ጥርስ ርዝመት ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር፣ ይኸውም 8 ዙር ያህል ቢሆን መልካም ነው።

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ከተደረገ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ ወዲያ ዳዶዎቹ እንደ ገና መሞከር አለባቸው፤ የቀረች የቀለም ቅርፊት ወይም የዝገት ብናኝ ከደቀቀች የምትታወቀው በዚህ ጊዜ ነውና። ጎማውን በአዲስ አበባ አስቀይሮ ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ሞጆ ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዟል፤ ፍሬኑ እስኪበርድ ሻይ ጠጥቶ፣ በዚያው ርዝመትና በዚያው ኪሎ ቢሞክራቸው ቦታውም ጊዜውም ይመቻል። ሲሞክርም መጀመሪያ ፈትቶ እንደ ገና ማሰር አያስፈልግም፤ በተወሰነው ልክ ስቦ ዳዶው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ማየት ይበቃል። ከተንቀሳቀሰ ከሌላ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገም፤ ደግሞም ከተንቀሳቀሰ ጎማው ወርዶ ፊቱ ይመርመር፤ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር አለ።

በከባድ መኪና ላይ ጕዳዩ ከዚህም ይበልጣል፤ በአሜሪካ ባለ 10 ቡሎን በሆኑትና የቡሎናቸው ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር በሆነው ከባድ መኪኖች ልኩ ከ610 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህን በእጅ መገመት የማይታሰብ ነው። በአንዳንድ ትልልቅ መኪና ጎማዎች ላይ በየዳዶው የተሰካች ቢጫ የፕላስቲክ ቀስት የሚያይ ሰው ለጌጥ ትመስለው ይሆናል። ሲታሰሩ ቀስቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍ ለጫፍ እንዲተያዩ ይደረጋሉ፤ አንዷ ፊቷን ካዞረች ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ሹፌሩም ሳይጐነበስ በዐይኑ ብቻ ዞሮ ይመለከታል። ቀስት የሌለው ሰው በዳዶውና በቸርኬው ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ቢያሰምር ያንኑ ያህል ያገለግለዋል፤ ከዳዶው ሥር ወደ ውጭ የሚፈስ የዝገት ጭረት፣ የሞላላ የቸርኬ ቀዳዳ፣ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ከጎማው የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ደግሞ መስመሩ እስኪሰበር የማይጠበቅባቸው ምልክቶች ናቸው።